ካቴተሩ ዛሬ ለምን አለ?

ስለ ሥራሽ ተናገሪ ስባል የመጣልኝ የሽንት ካቴተር ነው። ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ይቅርታ!

እዚህ ስንማር በአሻንጉሊቱ ላይ ካቴተር ማስገባትን ስንት ጊዜ ተለማመድን? እጅ መታጠብ፣ ስቴራይል ጓንት፣ አካባቢውን ማጽዳት፤ አንዷን የዘለለ እንደገና ከ"ሀ" ይጀምር ነበር። መቼ እንደሚወጣ የተለማመድንበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንዲት እናት እኔ ጋ ተኝተው ነበር። በአራተኛው ቀን ተደግፈው መራመድ ጀመሩ። ካቴተሩ ግን አልወጣም፤ ሐኪሙ እኔን፣ እኔ ሐኪሙን ስንጠብቅ። "ልጄ፣ ይሄን ነገር መቼ ነው የምታወጪልኝ?" ብለው ሁለቴ ጠይቀውኛል። "ይቆይ እማማ፣ ሽንት ቤት ሲመላለሱ እንዳይደክሙ" አልኳቸው። በዘጠነኛው ቀን ሲንቀጠቀጡ ደረስኩ። ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ዳኑ፣ ተመስገን። ግን ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ተኙ፤ ልጃቸው ለመድኃኒት ስትሯሯጥ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ካቴተር በቆየ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነርሶችን ሳሠለጥን በአሻንጉሊት አልጀምርም። ዋርድ ይዣቸው ገብቼ፣ አልጋ በአልጋ "ይሄ ካቴተር ዛሬ ለምን አለ?" እላለሁ። "አንሶላ እንዳይበላሽ" የሚል መልስ ከመጣ እዚያው እንቆማለን።

ሌላው ከረጢቱ ነው። ሕመምተኛው ለራጅ ሲወሰድ ሆዱ ላይ ያስቀምጡለታል፤ ሽንቱም ወደ ፊኛው ይመለሳል። ከፊኛ በታች መንጠልጠል አለበት፣ ወለል ሳይነካ። ይህን ለአስታማሚዎቹም ማስረዳት አለብን፤ ሌሊት ከረጢቱን የሚያነሱት እነሱ ናቸዋ! ደግሞ በአንድ ጆግ የአምስት ሰው ከረጢት ማራገፍ... ያላደረገ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። በተግባር ፈተናው ቼክሊስት መጨረሻ ላይ "ለማውጣት የሚታይበት ቀን ተጽፏል?" የምትል መስመር ጨምሩልን። አዲስ አሻንጉሊት ደግሞ እኛ እናዋጣለን፤ ዛሬ ጠዋት ገብቼ ሳይ ያው የእኛው ነው።