ይህ ቃል ከየት መጣ?



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ባለቤታቸውም ሆነ ትርጉማቸው ሳይታወቅ በኢንተርኔት ስለሚዛመቱ ቃላት ነው። «ትርጉም የሌለው ቃል ምን ይጎዳናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥቂት ታገሱንና አብረን እንመልከተው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 ዩዝኔት በሚባለው የዚያን ጊዜ የኢንተርኔት መወያያ መረብ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንግዳ መልእክቶች ጎረፉ። ርእሳቸው «ማርኮቪያን ፓራላክስ ዴኒግሬት» ይላል። ቃላቱ ለየብቻ ሲታዩ ፍቺ ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምንም ስሜት አይሰጡም። በውስጣቸው የነበረውም የተበታተነ የቃላት ክምር ነበር። ውሎ አድሮ «የሰላዮች ምስጢር ነው» የሚሉ ተነሡ። ለዚህ ማስረጃ አልቀረበም፤ ላኪውም እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ወሬው ግን ያለ ማስረጃ ዓመታትን ተሻገረ።

እንዲህ ያሉ የቃላት ክምሮች በኋላ ለአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች መሣሪያ ሆነዋል። ኮምፒውተሮች የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ ደብዳቤዎችን በሚያዘወትሯቸው ቃላት እየለዩ ማገድ ሲጀምሩ፣ ላኪዎቹ ደግሞ መልእክቱ ደኅና እንዲመስል ምንም የማይገናኙ ቃላትን ይጨምሩበት ጀመር። ቃላቱ የተጻፉት ሰው እንዲያነባቸው ሳይሆን ማጣሪያውን ለማታለል ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው አስገራሚ ታሪክ ግን የተገኘው በሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። «ስካኒንግ» የሚባለው ዓይነት በዓለም የታወቀ ነው። «ቬጀቴቲቭ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ» የሚባል ነገር ግን የለም። ሆኖም ይህ የሌለ ነገር ስም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ በሃያ ሁለት ያህል የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ተገኝቷል።

ለመሆኑ ከየት መጣ? ተመራማሪዎች ዱካውን ሲከተሉ በ1950ዎቹ ስለ ባክቴሪያ በወጡ የመጽሔት ጽሑፎች ላይ ደረሱ። ገጾቹ በሁለት ዓምድ የታተሙ ነበሩ። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ በግራው ዓምድ ያለው «ቬጀቴቲቭ» በቀኙ ዓምድ ካለው «ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ» ጋር እንደ አንድ መስመር ተነበበ። ማንም ያልጻፈው ስም እንዲህ ተወለደ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2017 እና በ2019፣ ስሙ ከኢራን በወጡ ጥቂት ጽሑፎች እንግሊዝኛ ውስጥ ብቅ አለ። ለዚህ የተሰጠውን ማብራሪያ ልጆቻችን እንኳ በቀላሉ ይረዱታል። በፋርስኛ «ስካኒንግ» የሚለው «ሩበሺ»፣ «ቬጀቴቲቭ» የሚለው ደግሞ «ሩየሺ» ይባላል። በጽሕፈት የሚለያዩት በአንድ ነጥብ ነው። መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው «ባ» እና «ያ» በቃል መካከል ሲገቡ መልካቸው አንድ ነው፤ ከሥር አንድ ነጥብ ካለ «ባ»፣ ሁለት ካለ «ያ» ይሆናል። አንዲት ነጥብ ስትጨመር የሌለ መሣሪያ ተፈጠረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት ማሽኖች ከኢንተርኔት የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይመገባሉ። ስሕተቱም አብሮ ገባ። ተመራማሪዎች እንደ ጂፒቲ 3 ያሉትን ሲፈትኗቸው የጎደለውን ዓረፍተ ነገር በዚሁ በሌለ ስም ሞሉት። ማሽኑ ከአንድ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ይገምታል እንጂ መሣሪያው መኖሩን ሄዶ አያይም።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ይገባል። ዛሬ ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን፣ እኛም የመድኃኒቱን አወሳሰድ እነዚህን ማሽኖች እንጠይቃለን። በስልካችንም «ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ መጥፎ ነገር ይደርስብሃል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አንዳንዱ የሃይማኖት ልብስ ለብሶ፣ አንዳንዱም የሰውን ክብር እየነካ። ደግመው ደጋግመው የላኩልን ሰዎች መብዛታቸው ነገሩን እውነት አያደርገውም። ሃያ ሁለት ጽሑፎች ያንን ማይክሮስኮፕ አላስገኙትም።

ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝን ነን። የሐዲስ ሊቃውንት ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ማን ከማን እንደሰማው እየመረመሩ የደከሙት ለዚህ ነበር። እኛም በየቤታችን ትንሿን ድርሻ መወጣት አያቅተንም። መልእክት ሲደርሰን «መጀመሪያ ማን አለው? የት ተጻፈ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣን በእኛ ስልክ ላይ ይቁም። የጤና ጉዳይ ከሆነ ሐኪም፣ የዲን ጉዳይ ከሆነ ዓሊም ይጠየቅ። ልጆቻችንም ከማሽን የወሰዱትን መልስ ከመማሪያ መጽሐፋቸውና ከመምህራቸው ጋር እንዲያስተያዩ እናስለምዳቸው። ትልልቆቹ ዛሬ ማታ ስልካቸውን ከፍተው ሊያስተላልፉት ያሰቡትን አንድ መልእክት ከቤተሰቡ ጋር ቢመረምሩት ጥሩ ጅማሬ ይሆናል።

አላህ ከምንናገረው ሐሰት ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።