ወደ ጃፓን ከመሄዳችሁ በፊት

ለትምህርት ወደ ጃፓን ለመሄድ ከሚዘጋጁት ብዙዎቹ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውን እዚያው ስደርስ እማረዋለሁ» ይላሉ። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን መኖሪያ ባገኛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ቀርባችሁ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። የቤት ኪራይ ውል አለ፣ ሐኪም ቤት የሚሞላ ቅጽ አለ፣ የትኛው ቆሻሻ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ የሚገልጽ የቀበሌ ማስታወቂያ አለ። እነዚህ በአብዛኛው በጃፓንኛ ናቸው።

ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ለጃፓንኛ የሚመች ልማድ አለው፤ እኛ ግን ቋንቋውን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ስለምንማረው ይህን ሀብት ሳንጠቀምበት እንቀራለን።

እኛ «እኔ ውሃ እጠጣለሁ» እንላለን። ጃፓኖች «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ይላሉ። ዋታሺ እኔ፣ ሚዙ ውሃ፣ ኖሚማስ እጠጣለሁ ነው፤ ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። «ኦ» የምትለዋ «ውሃውን» ስንል እንደምንጨምራት «ን» ተሳቢውን ታመለክታለች። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ለማለትም «ኪኖ ካታ ሆን» ይላሉ፦ ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሐረግ ገልብጦ ማሰብ አለበት፤ እናንተ ግን ቃላቱን ብቻ ትተካላችሁ። ደግሞም «ኖሚማስ» እጠጣለሁም፣ ትጠጣለህም፣ ይጠጣሉም ስለሆነ የግሥ እርባታው ከአማርኛው በጣም ይቀላል።

ወደ ድምፁ እንምጣ። «አለ» የሚለውን ስናላላና ስናጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያይ ሁሉ፣ «ኪቴ» ላልታ «ና» ስትሆን ጠብቃ የፖስታ ቴምብር ትሆናለች። ይህን ጆሯችሁ ወዲያው ይለየዋል። የሚያስቸግራችሁ የአናባቢ ርዝመት ነው፤ «ኦባሳን» አክስት ናት፤ መካከለኛው «ባ» ሲረዝም ግን አያት ትሆናለች። አማርኛ ይህ ልዩነት ስለሌለው ቅጂ እየሰማችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

ፊደሉን በተመለከተ አጥብቄ የምመክረው በላቲን ፊደል ተጽፎ የሚሰጠውን ጃፓንኛ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንድትተዉት ነው። ሂራጋናና ካታካና የተባሉት የጃፓንኛ የጽሕፈት ዓይነቶች እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው፤ እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛሉ። ካ፣ ኪ፣ ኩ በቅርጽ ስለማይዛመዱ ግን እያንዳንዱን በእጅ እየጻፉ መያዝ ያስፈልጋል። ካንጂ በሚባለው ሦስተኛው የጽሕፈት ዓይነት ለጠቅላላ አገልግሎት የተወሰኑት ፊደላት 2,136 ናቸው፤ እነሱ የዓመታት ሥራ ስለሆኑ ከመሄዳችሁ በፊት አትጨነቁባቸው።

አኒሜ የሚባሉትን የጃፓን የካርቱን ፊልሞች እየተመለከታችሁ የምትማሩ ወጣቶች ደግሞ ተጠንቀቁ። እዚያ የምትሰሙት አብዛኛው የባልንጀሮች ንግግር ነው፤ መምህርን በዚያ አነጋገር ማናገር እኛ ዘንድ ሽማግሌን «አንተ» እንደማለት ነው። በ«ማስ» የሚያልቀውን የአክብሮት አነጋገር አስቀድሙ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ከኤን 5 እስከ ኤን 1 አምስት ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው የሙያተኞች ቪዛ ለሥራ ለመሄድ በአብዛኛው የኤን 4 ደረጃ ወይም ተመጣጣኝ ፈተና ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ፈተናው ምርጫ ብቻ ስለሆነ መናገርን አይለካም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ። የጃፓን ፋውንዴሽን ያዘጋጀው «ኢሮዶሪ» የተባለው መጽሐፍ ከነድምፅ ቅጂው በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ቪዛው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሂራጋናን በዚህ ሳምንት ጀምሩ።