በክፉ ቀን የሚችል የትኛው ነው?

የራማት ቬርበር ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወላጆቻችንም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ማማ ነው። አባቴ በሚሠራበት ፋብሪካ አሲድ ያለበት ጋዝ ወደ ውጭ ከመለቀቁ በፊት እዚያ ውስጥ ይታጠባል። ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ ጋዙ ከታች ይወጣል። መሀሉ ላይ ውሃውና ጋዙ በደንብ እንዲገናኙ ትናንሽ ቀለበቶች ተሞልተዋል። እነሱን ሙሌት ልበላቸው።

የዚያ ማማ ሙሌት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነበር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ይችላል፣ ቀላልም ርካሽም ነው። አንድ ሌሊት ግን ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ቆመ። አባቴ የግፊቱ መለኪያ ሲጨምር አይቶ ተናገረ። «ይህዬ በሴደር» ብለው መለሱት። ፕላስቲኩ በሙቀት ለስልሶ ተደረመሰ፣ ማማው ታፈነ፣ ጋዙም በሌላ በኩል ወጣ። አባቴ ሳምንት ሙሉ ሲያስል ከረመ።

እኔ ያኔ «ታዲያ ለምን ብረት አያደርጉትም?» አልኩ። መልሱን ያገኘሁት ስማር ነው። እርጥብ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የማይዝግ የምንለውን ብረት ሳይቀር ይበላዋል። ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ጉደኛ ነው፦ ቀዝቃዛ ከሆነ 98 በመቶውን ተራ ብረት ይችለዋል፣ በውሃ የቀጠነው ግን ብረቱን ይጨርሰዋል።

ሴራሚክስ? የእናቶቻችን የጠላ ጋን ዘመድ ነው። በኢትዮጵያ አዋሽ መልካሳ ላይ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ አለ፤ በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ማማ ውስጥ በተለምዶ የሚሞላው ሴራሚክ ነው። ሙቀትንም አሲድንም ይችላል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድና ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ግን ይበሉታል። ከባድ ስለሆነ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ይፈልጋል። ተሰባሪም ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ማማውን አስቀድመው ውሃ ሞልተው ቀለበቶቹን ውሃው ላይ የሚለቋቸው።

ስለዚህ «ከሁሉ የሚጠነክረው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አሲዱ ምንድን ነው? ምን ያህል ቀጥኗል? ምን ያህል ይሞቃል? ማቀዝቀዣው የቆመ ቀንስ?

የመጨረሻውን ጥያቄ መጽሐፍ ብቻውን አይመልሰውም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። ዕብራይስጡ ቢሰባበርም ይጠየቅ።

አሁን ማማው ሴራሚክ ተሞልቶበታል፤ ውሃው ሲቆም ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያም ተገጥሞለታል። አባቴ ግን አሁንም መለኪያውን በዓይኑ ያያል። መሐንዲስ ለመሆን የምታስቡ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ወላጆቻችሁን ስለ ሥራቸው ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።