የመጀመሪያው ፓስፖርት፦ ከመካነ ኢየሱስ እስከ ባሕር ዳር

አቅራቢ፦ ፓስፖርት የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር የፓስፖርት ቅርንጫፍ የሚሳፈር ወጣት የልደት ምስክር ወረቀትና የታደሰ መታወቂያ ካልያዘ፣ ያወጣው የመሳፈሪያ ገንዘብ ከንቱ ነው።

የልደት ወረቀቱ ብዙዎችን ያንገላታል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት በቤት የተወለደ ሰው ልደቱን ዘግይቶ ማስመዝገብ አለበት። ስሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በልደት ወረቀቱ «ገብረ ማርያም»፣ በመታወቂያው «ገብሬ» ተብሎ የተጻፈ የአያት ስም ጣጣ ያመጣል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በሁሉም ሰነድ፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ይሁን። እዚያው ቀበሌ ማስተካከል ይሻላል፤ ፓስፖርቱ ከታተመ በኋላ ማረም ሌላ ወጪ ነው።

ማመልከቻው የሚሞላው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ነው። ቅርንጫፍና ቀጠሮ ይመረጣል፣ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። አመልካቹ በቀጠሮው ቀን ዋናውን ሰነድ ይዞ ቀርቦ ፎቶና አሻራ ይሰጣል። በዚህ ደላላ ሊተካው አይችልም።

ዋጋው ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የመደበኛው ክፍያ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አደገ፤ በሁለት ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ ደግሞ 25,000 ብር ሆነ። ለገበሬ ልጅ ይህ ከባድ ወጪ ነው።

አድማጮች፣ ክፍያ ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ተመን ከተቋሙ ድረ ገጽ አረጋግጡ።