ስለ ኤሌክትሪክ መቋቋም አለካክ የተነገረ ቃል



ሽቦ ለሚያልፍበት ኤሌክትሪክ የሚያሳየው እንቢታ «መቋቋም» ይባላል። መስፈሪያውም «ኦም» ነው፤ ይኸውም እንደናንተው መምህር የነበረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም የመቋቋምን ሕግ በ1827 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስላሳተመ በስሙ ተጠራ።

በእጅ የሚያዘው ቴስተር መቋቋምን የሚለካው ከገዛ ባትሪው ጥቂት ኃይል እየላከ ነውና፤ በሚለካው ዕቃ ላይ ሌላ ኃይል ሊኖር አይገባም። ቢኖር ግን ቍጥሩ ሐሰት ይሆናል፤ መሣሪያውም ይበላሻል፤ ሰውም ይጐዳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአምፖሉን ማብሪያ ብቻ አጥፍቼ፣ በዚያም ተማምኜ እጄን ብሰድ መታኝ። ለካ ማብሪያው የተገጠመው በመላሹ ሽቦ ላይ ኖሯል፤ አምፖሉ ቢጠፋም ኃይሉ ከደጃፉ አልተመለሰም ነበር!

ስለዚህ አስቀድሞ ቴስተሩን ወደ ቮልት አዙራችሁ ኃይል ባለበት ሶኬት ፈትኑት፤ ቀጥሎ ዋናውን ማጥፊያ ዝጉ፤ የምትሠሩበትም ሥፍራ ኃይል እንደሌለው በዚያው ቴስተር እዩ። ወደ ኦም የሚዞረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ ቍጥሩ ወደ 0 ይጠጋል። ጫፎቹን በሁለት እጅ ጨብጦ መለካት ግን የራስን ሰውነት ከዕቃው ጋር መለካት ነው። ከቦታው የወጣ ፊውዝም ደኅና ከሆነ እንዲሁ ወደ 0 ይጠጋል፤ ከተበጠሰ ቍጥር አይሰጥም።