የኮራል አኳሪየም፦ ከቁመቱ ስፋቱ

የዛሬው ጉዳያችን የኮራል አኳሪየም ነው፤ ማለትም የባሕር ዓሣና ኮራል በቤት ውስጥ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሊትር ይይዛል?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለምን መሰላችሁ? ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን የትም አይሄድም። ታዲያ በትንሽ ድስት ያለ ወጥ ቶሎ ጨው ይበዛበታል። የኮራል አኳሪየምም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ጨዋማነቱና ሙቀቱ ቶሎ ይለዋወጣል። ኮራል ደግሞ ይህን አይችልም።

ግን ሊትር ብቻውን አይበቃም። እንደ እኔ፣ ከቁመት ይልቅ ከፊት እስከ ኋላ ያለው ስፋት ይበልጣል። ከፍ ያለ ገንዳ ለዓይን ያምራል፣ አይካድም። ነገር ግን ብርሃን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይደክማል፤ ለማጽዳትም ክንድ ታች አይደርስም። ሰፊ ከሆነ ግን ኮራሉ የሚቀመጥበት ድንጋይ ከመስታወቱ ራቅ ብሎ ይደረደራል፤ ውሃው ዙሪያውን ይዘዋወራል፣ ኮራሉም ማደጊያ ያገኛል።

ደግሞ ወለሉን አትርሱ! ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱና ቁመቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ የኮራል አኳሪየም ሲሞላ ውሃው ብቻ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሳይቆጠር። ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መሐንዲስ ጠይቁ።