ስለ ፈጣን የሰንጠረዥ ጨዋታ



ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባ ሰው ቼዝ በዐረብኛ «ሸጠረንጅ» ሲባል ይሰማል፤ ይህም ለአገራችን ሰንጠረዥ የስም ዘመዱ ነው። የዛሬው ጥያቄ ጨዋታውን በጥቂት ደቂቃ እየጨረሱ ደጋግሞ መጫወት ችሎታን ያሳድጋል ወይ የሚል ነው።

ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በ1971 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። ይህ ጨዋታ፣ ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ክፍል ነው። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ባንድነት የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ለተመልካች ሩጫ ብቻ ይመስላል። ብልኁ ተጫዋች ግን ዓይኑን ከገዛ እጁ ይልቅ በባላጋራው ሰልፍ ላይ ያሳርፋል፤ ያ ፈረሱን ሲያወጣ ይህ አሰላለፉን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር እንደ ተበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል።

የዛሬው ፈጣን ቼዝ ይህ ወሰን የለውም። ለያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ተሰጥቶት እስከ መጨረሻው ይጣደፋል። ልጁ የሚያውቀውን ፈጥኖ ማስታወስን ይለማመድበታል፤ ይህ ጥቅም አይካድም። የማያውቀውን ግን ከየት ያመጣዋል? ስሕተቱ ሳይመረመር ሌላ ጨዋታ ይከተላል፤ ሲደጋገምም ልማድ ይሆናል። ኒል ቻርነስና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከችሎታ ጋር አጥብቆ ተያይዞ የተገኘው ብቻን ተቀምጦ ማጥናት ነበር።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ክበብ ከሁለት ፈጣን ጨዋታ በኋላ ሰዓቱ ይነሣ። ልጆቹም ጠጠሮቹን እንደገና ደርድረው ነገሩ የት ላይ እንደ ተበላሸ ይፈልጉ፤ አስቀድሞ የሚናገረውም የተሸነፈው ይሁን።